ደንበኞቹን የሸኘው ኤጀንሲ

በ1999 ኢንተርኔት መጠቀም ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር። ሞደሙ እየተንጫጫ በስልክ መስመር ይገናኛል፣ የድረ ገጹ አድራሻ ይጻፋል፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። ገጹ ሲመጣም መጀመሪያ የሚታየው የተፈለገው ነገር አይደለም። ፍላሽ በተባለው ፕሮግራም የተሠራ መግቢያ ይቀድማል፤ የድርጅቱ አርማ እየተሽከረከረ ይመጣል፣ ፊደሎች ከግራና ከቀኝ እየበረሩ ይገጣጠማሉ፣ ሙዚቃ ይከተላል። ከስክሪኑ ጥግ «መግቢያውን እለፍ» የምትል ትንሽ ጽሑፍ አለች፤ ብዙ ሰው ማውሱን ይዞ የሚሮጠው ወደ እሷ ነበር። ድርጅቶች ለዚህ ትርኢት ረብጣ ብር ይከፍሉ ነበር።

በዚያው ዓመት ቺካጎ ውስጥ የተከፈተ አንድ አነስተኛ የድረ ገጽ ዲዛይን ቤት የራሱን ገጽ ሲያወጣ ግን አንድም ሥዕል አላስገባበትም። ጥቁርና ነጭ፣ ጽሑፍ ብቻ። ከ1 እስከ 37 ቁጥር የተሰጣቸው አጫጭር ሐሳቦች ተደርድረውበታል፤ እያንዳንዱ በአንድ ትንፋሽ ይነበባል። አንደኛው፣ በጊዜው ሁሉም ኤጀንሲ የሚምልበትን «ሁሉን አሟልተን እንሠራለን» የሚል ማስታወቂያ የሚገለብጥ ነበር፤ እኛ ሁሉን አሟልተን የምንሠራ አይደለንም ይላል። ዲዛይን የሚሸጥ ሰው ሱቁን በባዶ ግድግዳ ከፈተ እንደ ማለት ነው። ድፍረት ነበር፤ ትንሽ ትዕቢትም አላጣውም።

የቤቱ ስም 37ሲግናልስ ይባላል። የፊዚክስ ተመራማሪው ፖል ሆሮዊትዝ ከጠፈር የሚመጡ የሬዲዮ ሞገዶችን ለዓመታት ሲያስስ ቆይቶ፣ ምንጫቸው ሳይታወቅ በመዝገብ የቀሩ 37 ምልክቶች አግኝቶ ነበር፤ ከሌላ ዓለም የተላኩ ይሆኑ ይሆናል የተባሉ። ቁጥሩ የመጣው ከዚያ ነው። መሥራቾቹ ሦስት ነበሩ፦ ጄሰን ፍሪድ፣ ካርሎስ ሴጉራና ኧርነስት ኪም። (በዚህ ዘገባ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የጊዜው ፋሽን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይነጉድ ነበር። ዲጂታል ኤጀንሲ ማለት ለባንኩ፣ ለአየር መንገዱ፣ ለጫማ አምራቹ ድረ ገጽ የሚሠራ፣ ማስታወቂያ የሚያዘጋጅ፣ «የኢንተርኔት ስትራቴጂ» የሚነድፍ ቤት ነው፤ ገበያው ሲጦፍ ሁሉም በአንድ ጊዜ ግዙፍ መሆን አማረው። እዚያው ቺካጎ ዊትማን-ሃርት የተባለው አማካሪ ድርጅት ዩኤስዌብ/ሲኬኤስ ከተባለው ጋር ተዋሕዶ ማርች 1 ቀን 2000 በአዲስ ስም ብቅ አለ። ቀኑን ራሱን ስም አድርገው «ማርችፈርስት» አሉት፤ ሠራተኛው በሺዎች ይቆጠር ነበር። ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ማርች 10፣ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች አክሲዮን የሚሸጥበት የናስዳክ ገበያ 5,048 ነጥብ ላይ ወጣ። ያን ከፍታ ድጋሚ ለማየት 15 ዓመት ፈጅቶበታል። ማርችፈርስት ይህን ያህል አልቆየም፤ በኤፕሪል 2001 የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ።

ኒውዮርክ ላይም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። በ1995 የተመሠረተው ሬዘርፊሽ በኤፕሪል 1999 አክሲዮኑን ለሕዝብ አቅርቦ የዘመኑ ኮከብ ሆኖ ነበር። በ2002 መጨረሻ ሲሸጥ የወጣለት ዋጋ 10 ሚሊዮን ዶላር አይሞላም። ናስዳክም በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ከጫፉ 78 በመቶ ወርዶ 1,114 ደርሶ ነበር።

ከዚህ ውድቀት ውስጥ አንድ ነገር ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የኢንተርኔት ተጠቃሚ አልቀነሰም፤ በየወሩ እየጨመረ ነበር። የደረቀው የድርጅቶች በጀት ነው። ትልቅ ኤጀንሲ ደግሞ በየወሩ የሚከፍለው ትልቅ ደመወዝና ትልቅ ኪራይ ስላለበት በጀቱ ለስድስት ወር ቢዘገይ ይሞታል። 37ሲግናልስ የሚከፍለው ደመወዝ በጣት የሚቆጠር ነበር። ለብዙ ዓመታትም የራሱ ቢሮ አልነበረውም፤ ቺካጎ ውስጥ ካውደል ፓርትነርስ ከተባለ ሌላ የዲዛይን ቤት ጥቂት ጠረጴዛ ተከራይቶ ይሠራ ነበር። ወደ ራሱ ቢሮ የገባው በ2010 ነው።

ሴጉራና ኪም ቀደም ብለው ወደየራሳቸው ሥራ ሄዱ። የቀረው ጄሰን ፍሪድ በ1996 ከአሪዞና ዩኒቨርሲቲ በፋይናንስ የተመረቀ ወጣት ነው። ከዲዛይን በፊት የነበረች አንዲት ታሪኩ ኋላ የመጣውን ሁሉ ለመረዳት ትጠቅማለች። የሙዚቃ ሲዲዎቹ ሲበዙበት፣ ለማን እንዳዋሰ እየጠፋበት ሲቸገር፣ ፋይልሜከር በተባለው ፕሮግራም ለራሱ አንዲት መመዝገቢያ ሠራ። «ኦዲዮፋይል» ብሎ አሜሪካ ኦንላይን ላይ አወጣት፤ የወደዳት ሰው 20 ዶላር በፖስታ ይላክልኝ አለ። ፖስታዎች መምጣት ጀመሩ፤ አንዱ ከጀርመን ነበር። ለራስ ችግር የተሠራ ነገር የማያውቁት ሰው ከባሕር ማዶ ገንዘብ እንደሚከፍልበት ያየው ያኔ ነው። ይህን ወደ ሥራ ለመቀየር ግን ዓመታት ወስደውበታል፤ መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ኤጀንሲ የደንበኛ በር ማንኳኳት ነበረበት።

በጀት በደረቀበት በዚያ ጊዜ ቤቱ የወሰዳቸው እርምጃዎች የሚገርሙ ናቸው። ማንም ሳያዛቸው የታላላቅ ድርጅቶችን ገጽ ወስደው የተሻለ አድርገው እየነደፉ ለሕዝብ ያሳዩ ነበር። የፌዴክስን የጥቅል መላኪያ ቅጽ፣ የፔይፓልን ገጽ፣ የባንክ ሒሳብ ገጽ፣ ጉግልን ሳይቀር ነክተዋል። ፌዴክስ ሥራ አልሰጣቸውም፤ ግን ቅጹን በየቀኑ የሚሞላ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል። ለማስታወቂያ የሚወጣ ገንዘብ በሌለበት ጊዜ ይህ ዓይነቱ ሥራ ራሱ ማስታወቂያ ነበር።

ሌላው ደግሞ ትልቁን ውል ቆራርጦ መሸጥ ነው። የስድስት ወር ፕሮጀክት ለመፈረም የሚፈራ ደንበኛ አንድ ገጽ ብቻ፣ በአንድ ሳምንት፣ በቁርጥ ዋጋ እንዲያሠራ አማራጭ ሰጡት። የመጀመሪያው ስብሰባ፣ የዋጋ ክርክሩ፣ ሦስት ጊዜ የሚከለሰው የሥራ ዕቅድ፣ ሁሉም ከመሐል ወጣ። ለኤጀንሲ ሰው ይህ ከባድ ውሳኔ ነው፤ ምክንያቱም የኤጀንሲ ትርፍ የሚደበቀው በዚያው በረዘመው መሐል ውስጥ ነው።

የሚያተኩሩበት ነገርም ከሌሎች ይለይ ነበር። ገጽ ሲያምር ሳይሆን ሲበላሽ ምን ያደርጋል ብለው ይጠይቃሉ። ተጠቃሚው የስልክ ቁጥሩን በተሳሳተ ቅርጽ ቢጽፍ ምን ዓይነት መልእክት ያያል? የፈለገው ዕቃ ካለቀ ወዴት ይመራል? ፍለጋው ባዶ ከሆነ ገጹ ዝም ይለዋል ወይስ ሌላ መንገድ ያሳየዋል? ስለዚህ ጉዳይ ብቻ መጽሐፍ ጻፉ፤ ርዕሱ «ዲፌንሲቭ ዲዛይን ፎር ዘ ዌብ» ይባላል፣ የታተመው በ2004 ነው። ስለ ስሕተት መልእክት መጽሐፍ መጻፍ አሰልቺ ይመስላል፤ ግን የኢንተርኔት ንግድ ከትርኢት ወደ አገልግሎት እየተዛወረ ስለነበር ጊዜውን የጠበቀ ነበር።

በዚህ መሐል ሥራው እየበዛ ሲሄድ ቤቱ ውስጥ ሌላ ችግር ተፈጠረ። ደንበኛው የላከው አስተያየት አንዱ ኢሜይል ውስጥ ነው፣ ዲዛይኑ ሌላ ኢሜይል ላይ ተያይዟል፣ ቀነ ገደቡ የተስማማነው በስልክ ነው፣ የመጨረሻው ፋይል የቱ እንደሆነ የሚያውቀው ዛሬ ያልገባው ባልደረባ ነው። በገበያ ላይ የነበሩትን የፕሮጀክት መምሪያ ሶፍትዌሮች አዩ። አብዛኞቹ ለግንባታ መሐንዲስ የሚሆን ሰንጠረዥ የሚሥሉ ነበሩ። የእነሱ ችግር ሰንጠረዥ አልነበረም፤ ማን ለማን ምን እንዳለ በአንድ ቦታ አለመገኘቱ ነው። ስለዚህ ራሳቸው ሊሠሩ ወሰኑ።

ፕሮግራም የሚጽፍላቸው ሰው ኮፐንሃገን ነበር። ዴቪድ ሃይነማየር ሃንሰን የኮፐንሃገን ቢዝነስ ስኩል ተማሪ ነው። ከፍሪድ ጋር የተዋወቁት በ2001 ሲሆን፣ ያስተዋወቃቸውም አንድ ቴክኒካዊ ጥያቄ ነው፤ ፍሪድ ፒኤችፒ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አንድ ነገር አልሠራለት ብሎ በኢንተርኔት ሲጠይቅ ሃንሰን መለሰለት። በዴንማርክና በቺካጎ መካከል የሰባት ሰዓት ልዩነት አለ። ሃንሰን ለአዲሱ ሥራ የሚሰጠው ጊዜ ደግሞ በሳምንት አሥር ሰዓት ገደማ ነበር። ቺካጎ ጠዋት ሲሆን እዚያ ከሰዓት ነው፤ ለጥቂት ሰዓት ይነጋገራሉ፣ ከዚያ አንዱ ሲተኛ ሌላው ይሠራል። አሥር ሰዓት ብቻ ያለው ፕሮግራመር ለማይረባ ነገር ጊዜ የለውም። ሊጨመሩ ይችሉ የነበሩ ነገሮች ብዛታቸውን አስቡት፤ ግማሾቹ የቀሩት በፍልስፍና ሳይሆን በሰዓት እጥረት ይመስለኛል።

ውስጥ ለውስጥ መጠቀም ጀመሩ፤ ደንበኞችም ገብተው የሥራቸውን ሂደት እንዲያዩበት ፈቀዱ። ደንበኞቹ ስለ ድረ ገጻቸው መጠየቁን ትተው ስለ መሣሪያው መጠየቅ ጀመሩ። ይህን ከየት ገዛችሁት? እኛም ብንጠቀምበትስ? 

ስሙን ቤዝካምፕ አሉትና በፌብሩዋሪ 2004 ለገበያ አወጡት። ለመክፈት ቸኩለው ስለነበር የክፍያ መቀበያውን ገና አልጨረሱም ነበር። አዲስ ደንበኛ የመጀመሪያውን 30 ቀን ሳይከፍል ስለሚጠቀም፣ እስከ ሠላሳኛው ቀን ድረስ እንሠራዋለን ብለው በሩን ከፈቱ፤ ሠርተውም ደረሱ። ግባቸው ትንሽ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ በወር 5,000 ዶላር ካስገባ መልካም ነው ብለው ነበር። በስድስት ሳምንት ያህል ደረሰ። ከዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ የደንበኛ ድረ ገጽ መሥራቱን ጨርሰው ተዉት።

ለምን እንደተዉት ለመረዳት የሁለቱን ገቢ ጠባይ ማየት ይበቃል። ኤጀንሲ የሚሸጠው የሰው ጊዜ ነው። ወር በገባ ቁጥር ከዜሮ ይጀምራል፤ ጨረታ፣ የናሙና ሥራ፣ ቀብድ፣ ማስተካከያ፣ እንደገና ማስተካከያ፣ የዘገየ ክፍያ። ብዙ ገቢ ሲፈልግ ብዙ ሰው መቅጠር አለበት። ከደንበኞቹ አንዱ የገቢውን ግማሽ ከያዘ ደግሞ አለቃው ያ ደንበኛ ነው፤ ስልክ ሲደውል እሑድም ይነሣለታል። ወርኃዊ ክፍያ የሚያስገባ ሶፍትዌር ሌላ ጠባይ አለው። ባለፈው ወር የከፈለው ሰው ካልተከፋ በዚህ ወርም ይከፍላል። ሺህ ሰው በየወሩ ትንሽ ትንሽ ከከፈለ፣ አንዱ ተቆጥቶ ቢወጣ ደመወዝ አይዘገይም። 37ሲግናልስ ይህን ስላወቀ ዋጋውን በተጠቃሚ ቁጥር ሳይሆን በፕሮጀክት ብዛት ተመነ፤ ከላይም ወሰን አበጀለት። ትልቅ ድርጅት ቢመጣ እንኳ የሚከፍለው ከሌላው ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ ልዩ ነገር ሥሩልኝ ብሎ ሊያስገድዳቸው አይችልም። ደንበኛን ከመሸኘት ቀጥሎ የወሰዱት ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ስለ እሱ ግን ብዙ ሲነገር አይሰማም።

ዕድልም ረድቷቸዋል። በኤፕሪል 2004 ጉግል ጂሜይልን አወጣ፤ በፌብሩዋሪ 2005 ጉግል ካርታ ተከተለ። ሰዎች አንድ ነገር ሲጫኑ ገጹ እንደ አዲስ ሳይከፈት የተጫኑት ክፍል ብቻ ሲለወጥ አዩ። ዘዴው በዚያው ወር «ኤጃክስ» የሚል ስም ወጣለት። ድረ ገጽ የሚነበብ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሚሠራበት ሆነ፤ ሶፍትዌርን በሲዲ ገዝቶ መጫን አሮጌ መሰለ። 37ሲግናልስ በዚህ ሞገድ ላይ ተደራራቢ ሥራዎች አወጣ። በጃንዋሪ 2005 ታ-ዳ ሊስት የተባለች ነፃ የሥራ ዝርዝር መያዣ፣ በዚያው ዓመት ባክፓክና ራይትቦርድ፣ በፌብሩዋሪ 2006 ካምፕፋየር የተባለ የቡድን መወያያ፣ በ2007 ደግሞ የደንበኛ መዝገብ የሚይዘው ሃይራይዝ። 

ከሁሉም በላይ ስማቸውን ያስጠራው ግን ሊሸጡት ያላሰቡት ነገር ነው። ሃንሰን ቤዝካምፕን ሲጽፍ ፒኤችፒን ትቶ በጃፓናዊው ዩኪሂሮ ማትሱሞቶ የተፈጠረውን ሩቢ የተባለ ቋንቋ መረጠ። ያኔ ሩቢን ከጃፓን ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ነበር። ከመረጃ ቋት ጋር መገናኘት፣ ቅጽ መቀበል፣ ገጽ ማሳየት፣ ማንኛውም ድረ ገጽ የሚደጋግማቸውን ሥራዎች ለብቻ እየለየ አስቀመጣቸው። ቤዝካምፕ ሲያልቅ ያንን ስብስብ ከውስጡ አውጥቶ በጁላይ 2004 ለማንም ነፃ አድርጎ ለቀቀው፤ ሩቢ ኦን ሬይልስ ይባላል። በ2005 ባቀረበው ትዕይንት ላይ አንድ ቀላል የጽሑፍ ማውጫ ድረ ገጽ በ15 ደቂቃ ሲሠራ ያዩ ፕሮግራመሮች ሳምንታት የሚፈጅባቸውን ሥራ አስበው ደነገጡ። ትዊተር ሲጀመር የተሠራው በእሱ ነው፤ ሾፒፋይ፣ ጊትሃብና ኤርቢኤንቢም እንዲሁ። የበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳ በኢንተርኔት ሊሸጥ የተነሣው የሾፒፋይ መሥራች ቶቢ ሉትከ ከሬይልስ ቀደምት አዘጋጆች አንዱ ነበር።

አንድ የዲዛይን ቤት፣ የሥራው ተረፈ ምርት እንጂ ዋና ሸቀጡ ባልሆነ ነገር፣ የአንድ ትውልድ ጀማሪ ድርጅቶች የሚቆሙበትን መሠረት አነጠፈ። በቀጥታ ሳንቲም አላገኘበትም። በተዘዋዋሪ ግን ጥሩ ፕሮግራመሮች ሳይፈለጉ ራሳቸው ይመጡለት ጀመር፤ ቤዝካምፕንም ያወቁት በዚያው በኩል ነው። በ2006 ልምዳቸውን «ጌቲንግ ሪል» በተባለ መጽሐፍ ጽፈው ያለ አሳታሚ፣ በኤሌክትሮኒክ ፋይል፣ ከራሳቸው ገጽ ሸጡት። ይህም የኦዲዮፋይል ልጅ መሆኑ ግልጽ ነው።

በዚያው ዓመት የአማዞን መሥራች ጄፍ ቤዞስ አነስተኛ ድርሻ ገዛ። ገንዘቡ ወደ ድርጅቱ ካዝና አልገባም፤ ከፍሪድና ከሃንሰን ድርሻ ላይ ስለገዛ ለእነሱ ነው የተከፈለው። ድርጅቱ ትርፋማ ስለነበር የማስፋፊያ ገንዘብ አላስፈለገውም። ሁለቱ ሰዎች ግን ኪሳቸው ስለደላ፣ ከዚያ በኋላ ይህን ያህል ሚሊዮን ልስጣችሁና በፍጥነት እደጉ ለሚል ባለሀብት እምቢ ማለት ቀለላቸው። እምቢታ ብዙ ጊዜ ቆራጥነት ብቻ ይመስላል፤ እዚህ ላይ የባንክ ሒሳብም አለበት።

እምቢታውን አደባባይ ማውጣትም ይወዱ ነበር። በኤፕሪል 2008 ሃንሰን ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በተካሄደ የጀማሪ ድርጅቶች ጉባኤ ላይ፣ ቀጣዩን ፌስቡክ ለመፍጠር በሚያልሙ ወጣቶች ፊት ቆሞ የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ አሳያቸው። በወር 40 ዶላር የሚከፍሉ 2,000 ደንበኞች ብታገኙ በዓመት 960,000 ዶላር ነው። አዳራሹ ሳቀ፤ ሰውየው ግን እየቀለደ አልነበረም። ዕቃ ሠርቶ ዋጋ ተምኖ መሸጥ አዲስ ግኝት ሆኖ የሚቀርብበት መድረክ መኖሩ ስለ ጊዜው ብዙ ይናገራል። በሴፕቴምበር 2009 ደግሞ የፌዝ መግለጫ አወጡ፤ ባለሀብቶች የድርጅቱን 0.000000001 በመቶ በአንድ ዶላር ስለገዙ ዋጋችን 100 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል ይላል። ሒሳቡ ልክ ነው። የጀማሪ ድርጅቶች ዋጋ የሚወጣበትን ዘዴ በዚህ አጭር ፌዝ የገለጸው የለም።

ከመግቢያ ፊልም ዘመን እዚህ ለመድረስ አሥር ዓመት ወሰደ። በ2010 «ሪወርክ» የተባለው መጽሐፋቸው ከብዙ ከተሸጡት ተርታ ሲገባ፣ ቤቱ አሁንም ከሃያ የማይበልጡ ሠራተኞች ነበሩት፤ ያውም በተለያዩ አገሮች የተበተኑ። ታሪኩን ብዙዎች የሚጨርሱት እዚህ ላይ ነው። ቀጣዩ ዘመን ግን የዚህን ስልት ሌላ ገጽ ያሳያል።

አይፎን የወጣው በጁን 2007፣ የአፕሊኬሽን መደብሩ የተከፈተው በጁላይ 2008 ነው። ሰው ከኮምፒውተር ወደ ስልክ እየዞረ ሳለ 37ሲግናልስ ገጻችን በስልክም ይከፈታል በማለት ለዓመታት ቆየ። የቤዝካምፕ የአይፎን መተግበሪያ የወጣው በፌብሩዋሪ 2013 ነው። በኤጃክስ ዘመን ከፊት የነበረው ቤት በስልክ ዘመን ጭራ ሆነ።

የካምፕፋየር ነገር ግን ይበልጥ ያስቆጫል። የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች በክፍል በክፍል ተከፋፍለው የሚወያዩበት፣ ፋይል የሚለዋወጡበት፣ የድሮውን ንግግር የሚፈልጉበት ገጽ በ2006 አውጥተዋል። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ደንበኛም ነበረው። ግን ከብዙ ምርቶቻቸው አንዱ ስለሆነ፣ ቤቱም ትንሽ ሆኖ መቆየት ስለመረጠ፣ ለዓመታት ብዙ ሳይለወጥ ተቀመጠ። በ2013 ስላክ የተባለ ድርጅት በተመሳሳይ ሐሳብ መጣ፤ የባለሀብት ገንዘብ ይዞ፣ የስልክ መተግበሪያውን አሳምሮ፣ አንዱን ነገር ብቻ ይዞ። በዲሴምበር 2020 ሴልስፎርስ ስላክን በ27.7 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ መስማማቱ ተነገረ። ትንሽ ሆኖ መኖር ዋጋ እንዳለው የሚናገሩ ሰዎች ይህን ቁጥር ብዙ ጊዜ አይጠቅሱትም። ፍሪድና ሃንሰን ያንን ገንዘብ አልፈለግነውም ቢሉ ሊታመኑ ይችላሉ፤ ለዓመታት ያሉትም ይህንኑ ነው። ያም ሆኖ በእጅ የነበረ ነገር ነው።

ምርቶቹ ለትንሽ ቤት በዝተውበት እንደነበር ራሳቸውም ያመኑ ይመስላል። በፌብሩዋሪ 2014፣ ቤዝካምፕ አሥር ዓመት ሲሞላው፣ ሌሎቹን ምርቶች ወደ ጎን አድርገው የድርጅቱን ስም ራሱን «ቤዝካምፕ» አሉት። በ2020 ደግሞ ወደ ኢሜይል ገቡ፤ «ሄይ» የተባለውን አገልግሎት በዓመት 99 ዶላር አወጡ። አፕል ከእያንዳንዱ ክፍያ 30 በመቶ ካልተሰጠኝ የመተግበሪያውን ማሻሻያ አላጸድቅም ሲል አደባባይ ወጥተው ተከራከሩ። ክርክሩ ከየትኛውም ማስታወቂያ በላይ አገልግሎቱን አስተዋወቀ።

በኤፕሪል 2021 ግን አደባባይ መውጣቱ በራሳቸው ላይ ዞረ። ባለቤቶቹ በመሥሪያ ቤቱ የሥራ መድረክ ላይ ስለ ፖለቲካና ማኅበረሰብ ጉዳይ መወያየት ቀርቷል ብለው አወጁ። ከውሳኔው ጀርባ የነበረው በውስጥ የተነሣ ክርክር ነው፤ አንዳንድ ሠራተኞች ለዓመታት የሚስቁባቸውን የደንበኞች ስሞች መዝግበው ይዘው ስለነበር፣ ያ ዝርዝር ምን ዓይነት ባህል ያሳያል የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። መውጣት ለሚፈልግ የስንብት ክፍያ ሰጡ። በቀናት ውስጥ ከሠራተኞቹ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ለቀቁ፤ አንዳንዶቹ ከአሥር ዓመት በላይ የቆዩ ነበሩ። ስለ ጥሩ መሥሪያ ቤት መጽሐፍ እየጻፈ ስም ላወጣ ድርጅት ይህ ቀላል አልነበረም። ለባለሀብት እምቢ ማለት አንድ ነገር ነው፤ የባለሀብት ቦርድ የሌለበት ቤት ውስጥ ግን ለሁለቱ ባለቤቶች እምቢ የሚል ማን ነው? 

በ2022 ስሙን ወደ 37ሲግናልስ መለሱት። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ሃንሰን ከክላውድ እንወጣለን አለ። ክላውድ ማለት ሶፍትዌርን በራስ ሰርቨር ሳይሆን ከአማዞንና ከመሰሎቹ በተከራዩት ማሽን ላይ ማስኬድ ነው፤ ኢንዱስትሪው ሁሉ ወደዚያ ሲተም ነበር። የድርጅቱ የ2022 የክላውድ ወጪ 3.2 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። ሒሳቡን ደመሩና የራሳቸውን ሰርቨር መግዛት እንደሚያዋጣ አዩ፤ በ600,000 ዶላር ገደማ የዴል ሰርቨሮች ገዝተው በተከራዩት የመረጃ ማዕከል ውስጥ አቆሙ፣ በ2023ም ሥራዎቻቸውን አዛወሩ። የሚያስገርመው፣ የተሰናበቱት አከራይ ቤዞስ የመሠረተው አማዞን መሆኑ ነው። ለሁሉም ድርጅት የሚበጅ ምክር አይደለም፤ ተጠቃሚው በአንድ ሌሊት አሥር እጥፍ ሊሆን የሚችል ጀማሪ ድርጅት ማሽን ቢከራይ ይሻለዋል። ፍላጎቱ ለሃያ ዓመት በዝግታ ያደገ ድርጅት ግን መጪውን ዓመት ገምቶ ማሽን መግዛት ይችላል።

ወዲያው ደግሞ በ2004 ራሳቸው ካስፋፉት ነገር ጋር ተጣሉ። በወርኃዊ ክፍያ የሚሸጥ ሶፍትዌር በዝቶ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በየወሩ በደርዘን የሚቆጠር ደረሰኝ ይከፍላል አሉና፣ አንዴ ተከፍሎበት የገዢው ንብረት የሚሆን ሶፍትዌር መሸጥ ጀመሩ። ገዢው በራሱ ሰርቨር ላይ ይጭነው፣ ኮዱንም ማየት ይችል ነበር፤ ወርኃዊ ክፍያ አልነበረም። በጃንዋሪ 2024 በዚህ መንገድ የወጣው የመጀመሪያው ምርት ካምፕፋየር ነበር፤ ዋጋውም ያኔ 299 ዶላር ነበር።